ጭር ያለ ዓለታማ የባህር ዳርቻን በደህና መጎብኘትና ቅርሱን መመዝገብ፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ዓለታማ ዳርቻ ድረስ ለፍቶ ይሄድና ምንም ሳያይ ይመለሳል። ሲደርስ ባህሩ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ሌላው ውሃው በሸሸበት ሰዓት ዘና ብሎ ይገባና መመለሻው ሲዘጋበት ነው የሚነቃው። ሁሉም የተሳካለት ደግሞ የጥንት ሰዎች በእጃቸው የደረደሩትን «ድንጋይ ነው» ብሎ ረግጦት ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መነሻቸው አንድ ነው። ጉዞውን ያቀዱት በራሳቸው ሰዓት እንጂ በባህሩ ሰዓት አይደለም። ሦስተኛው የቸገረው ምን እንደሚፈልግ አለማወቁ ነው።

ይህ መመሪያ በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። ዋናንና ጀልባን አይመለከትም። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ፤ በተለይ የመጀመሪያውን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ የባህሩን ሰዓት እወቁ

በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ባለፈው ሳምንት የሠራላችሁ ሰዓት በዚህ ሳምንት ጉድ ሊሠራችሁ ይችላል።

1. ለምትሄዱበት ቦታ በጣም ቅርብ የሆነውን ወደብ የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ አውጡ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ወረቀት ላይም ጻፉት።

2. ሰንጠረዡ የሚጠቀምበትን የሰዓት አቆጣጠር አረጋግጡ። አብዛኛው በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ 7:00 ማለት በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በበጋ ሰዓታቸውን በሚቀይሩ አገሮች ደግሞ አንዳንዱ ሰንጠረዥ ለውጡን አያካትትም። የአንድ ሰዓት ስህተት እዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

3. የጨረቃዋን ሁኔታ እዩ። ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ሽሽቱም ሙላቱም ይበረታል። በሌላ ጊዜ የማይታይ ዓለት የሚገለጠው ያኔ ነው። ግን ውሃው ሲመለስም በዚያው ልክ ይፈጥናል።

4. ሽሽቱ የሚያበቃበትን ሰዓት የጉብኝታችሁ መጨረሻ አድርጉት። ከዚያ 2 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ባህሩ መመለስ ሲጀምር እናንተም መመለስ ጀምሩ።

ብዙዎችን የሚያታልለው የሙላቱ ፍጥነት ነው። ውሃው እኩል እየተራመደ አይመጣም። ሙላቱ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከፍታ አንድ አሥራ ሁለተኛው ብቻ ይነሳል። በሁለተኛው ሁለት አሥራ ሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ በእያንዳንዳቸው ሦስት አሥራ ሁለተኛው ይነሳል። ማለትም ግማሹ ከፍታ በእነዚህ በሁለቱ ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። የሙላትና የሽሽቱ ልዩነት 6 ሜትር በሆነበት ቦታ በሁለት ሰዓት 3 ሜትር ውሃ ይነሳል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «ገና ነው» ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ግምት ነው። በጠባብ ሰርጦችና በወንዝ አፎች አካባቢ ውሃው ከዚህም ሊፈጥን ይችላል።

ጥንቃቄ፦ ሰንጠረዡ የአየሩን ሁኔታ አያውቅም። የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ባህሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወደ ዳር የሚገፋ ኃይለኛ ንፋስ ከተጨመረበት ሙላቱ ከተጻፈው በላይ ይሆናል። ማዕበል ከተተነበየ ቀኑን ቀይሩ።

ልዩነቱ ከቦታ ቦታ የሰማይና የምድር ያህል ነው። በካናዳ ፈንዲ ሰላጤ 16 ሜትር ይደርሳል። በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን ከግማሽ ሜትር አይዘልም። እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ዋናው ጉዳይ ሙላቱ ሳይሆን ንፋሱና ሞገዱ ነው።

ደረጃ 2፦ መግቢያውን፣ መውጫውንና ፈቃዱን አጣሩ

የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ዳርቻውን አስጠግታችሁ እዩ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመውረጃው መንገድ። ሁለተኛ፣ ውሃው ቢዘጋባችሁ ወደ ላይ የምትወጡበት ሌላ መንገድ። ሦስተኛ፣ ወደ ባህሩ ሾልኮ የገባ ቋጥኝ።

ይህ ሦስተኛው በጣም አስፈላጊ ነው። ዳርቻው ገና ደረቅ ሆኖ ሳለ የቋጥኙ አፍንጫ ቀድሞ በውሃ ይያዛል። ያኔ እናንተ ከጀርባ ገደል፣ ከፊት ባህር ሆኖባችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁ የሚቆጠረው ከቆማችሁበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ ማነቆ ነው። ካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ቦታው የተጠበቀ መሆኑን ጠይቁ። ወፎች ወይም የባህር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ከሆነ መግባት ሊከለከል ይችላል። አንዳንዱ ዳርቻ የግል መሬት ወይም የወታደር ክልል ነው።

በመጨረሻም ለአንድ ሰው ንገሩ። የት እንደምትገቡ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ በስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን መደወል እንዳለበት በጽሑፍ ላኩለት። ብቻችሁን አትሂዱ። ጭር ያለ ቦታ ቁርጭምጭሚት መዞር እንኳ ትልቅ አደጋ ነው።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

- ሶሉ የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ሲሊፐርና ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር አይሆንም።
- ውሃ የማያስገባ ቦርሳ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ፓወር ባንክ።
- ፊሽካ እና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ በቀን የምትሄዱ ቢሆንም።
- የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፤ ወረንጦ እንዳይረሳ።
- የሚጠጣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ንፋስ የሚከላከል ጃኬት።
- ለመዝገቡ ደብተር፣ እርሳስና ትንሽ ሜትር። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

መዶሻ፣ መጥረቢያና ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቤት ይቅሩ።

ደረጃ 4፦ ከመውረዳችሁ በፊት 20 ደቂቃ ተመልከቱ

ከላይ ደህና ቦታ ላይ ቁሙ። ስልካችሁን አስቀምጡና ባህሩን ብቻ እዩ። ሞገድ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ትንንሹ ይመጣና በድንገት ተከታትለው ትልልቆቹ ይመታሉ። አምስት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ትልልቆቹን ሳያይ ይወርዳል። ትልቁ ሞገድ የደረሰበትን ከፍታ አንድ የሚታወቅ ዓለት ላይ ለዩ። ከዚያ በታች አትቁሙ።

በዚያው የገደሉን ፊት እዩ። አዲስ የተሰበረ ድንጋይ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጠርዙ የሰላ ነው። ከስሩ እንዲህ ያለ ክምር ካለ ገደሉ በቅርቡ ተንዷል፣ እንደገናም ይናዳል። ከዝናብ በኋላ አደጋው ይብሳል።

ደረጃ 5፦ ውረዱ፣ ተራመዱ

1. ከገደሉ ስር ራቁ። ቦታው ከፈቀደ የገደሉን ቁመት ያህል ራቁ። ጥላ ፍለጋ ተጠግታችሁ አትቀመጡ።
2. ፊታችሁ ወደ ባህሩ ይሁን። ጎንበስ ብላችሁ ፎቶ ስታነሱ ሁለተኛው ሰው ባህሩን ይጠብቅ።
3. ደረቅና ሻካራ ዓለት ላይ ርገጡ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ወይም አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ያለበትን አትርገጡ።
4. ከድንጋይ ወደ ድንጋይ አትዝለሉ። መጀመሪያ በእግራችሁ ፈትኑ፣ ከዚያ ክብደታችሁን አሳርፉ።
5. የተፈጥሮ ቅስት ላይ አትውጡ፤ ከስሩም አትቆዩ። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ «ለንደን ብሪጅ» ይባል የነበረው የዓለት ድልድይ በጥር 1990 እ.ኤ.አ. ሲደረመስ ሁለት ጎብኚዎች ማዶ ቀርተው በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። የማልታው «ሰማያዊ መስኮት» ደግሞ መጋቢት 8 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በማዕበል ጠፍቷል። ቅስት ማለት መፍረሱ ያልተጠናቀቀ ዓለት ነው።

ደረጃ 6፦ ዳርቻውን ከላይ ወደ ታች አንብቡ

አሁን መሬቱን ማየት ጀምሩ። ዓለታማ ዳርቻ በአግድም መስመር የተከፈለ ነው። ቀለሙ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በብዙ ቦታ ይመሳሰላል።

ከሁሉም በላይ ግራጫ ወይም ቢጫ የድንጋይ ሽበት (ዓለት ላይ ቅርፊት መስሎ የሚበቅል ነገር) ያረፈበት ዓለት አለ። እዚህ ባህሩ በፍንጣቂ ብቻ ይደርሳል። ከሱ ቀጥሎ ጥቁር መስመር ይመጣል። ሰው ዘይት የፈሰሰበት ይመስለዋል፤ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሲረጥብም ክፉኛ ያንሸራትታል። ከጥቁሩ በታች ነጫጭ፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቁ ሸካራ ቅርፊቶች ታያላችሁ። ከነሱ በታች የባህር አረም ይጀምራል። ይህን መስመር ማወቅ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ጥቁሩን አልፋችሁ ነጩ ላይ ከቆማችሁ፣ ከሰዓታት በኋላ ውሃ ውስጥ በሚገባ ቦታ ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። ሰዓታችሁን እዩ።

ቀጥሎ ዓለቱን ጠይቁት። ንብርብር ነው ወይስ አንድ ወጥ? ስንጥቆቹ ወዴት ይሄዳሉ? ሞገድ የሚሰብረው ደካማውን ቦታ ነው። ስንጥቁ ይሰፋና ዋሻ ይሆናል። ከሁለት በኩል የተፈለፈለ ዋሻ ቅስት ይሆናል። ቅስቱ ሲወድቅ ብቻውን የቆመ ምሰሶ ይቀራል። በአንድ ዳርቻ ላይ አራቱንም ካገኛችሁ በደብተራችሁ ላይ በቅደም ተከተል ሣሏቸው። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፤ ዓይናችሁ እንዲያስተውል የሚያደርገው መሣሉ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ፈልጉ፦ ባህሩ አሁን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ የተቀመጠ ድቡልቡል ጠጠር፣ ዛጎል ወይም የድሮ ኮራል። ይህ ቀድሞ ዳርቻ የነበረ ነው። ወይ ባህሩ ወርዷል፣ ወይ መሬቱ ተነስቷል። በኤርትራ የቀይ ባህር ዳር አብዱር የሚባል ቦታ ላይ እንዲህ ባለ የድሮ ኮራል ውስጥ ወደ 125,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይና የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግኝቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰው በባህር ዳር ምግብ ሲፈልግ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። የሰውን ታሪክ የሚፈልግ ጎብኚ ታች ውሃው ጫፍ ላይ ብቻ አይቅር።

ደረጃ 7፦ የሰው እጅ ያረፈበትን ለዩ

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። የሚጠብቀው ግንብ ነው። ጭር ያለ ዳርቻ ላይ ያለው ቅርስ ግን ዝቅ ያለ፣ አረም የሸፈነው፣ ግማሹ የተናደ ነው። የሚከተሉትን ፈልጉ።

*ወደ ባህር የሚያመራ ዝቅተኛ የድንጋይ አጥር።* የግማሽ ክብ ወይም የማዕዘን ቅርጽ ካለው የዓሣ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ከሙላቱ ጋር ይገባና ሲሸሽ ታጥሮ ይቀራል። በታይዋን ፔንግሁ ደሴቶች እንዲህ ያሉ አጥሮች በመቶዎች ይቆጠራሉ። የሚታየው ሽሽቱ ጥጉን ሲይዝ ስለሆነ ያኔ ከሌላው ሁሉ አስቀድሙት።

*በትላልቅ ድንጋዮች መሃል የተጠረገ ቀጥ ያለ መንገድ።* ጀልባ የተጎተተበት ነው። ምንም ነገር ስላልተሠራበት ማንም አያስተውለውም። ቅርሱ የተነሱት ድንጋዮች ናቸው።

*አራት ማዕዘን ቀዳዳ።* ሞገድ ድንጋይ እያሽከረከረ የሚፈለፍለው ጉድጓድ ክብ ነው። ማዕዘን ያለው ቀዳዳ ምሰሶ ወይም የጀልባ ማሰሪያ ብረት የቆመበት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በዙሪያው የዝገት ቀለም ካለ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

*ጥልቀት የሌላቸው የተጠረቡ ገንዳዎች።* የባህር ውሃ ደርቆ ጨው የሚወጣባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

*እኩል መጠን ያላቸው ክብ ጠባሳዎች።* ዓለቱ ላይ ተደጋግመው ካያችሁ የወፍጮ ድንጋይ የተቆረጠበት ሊሆን ይችላል።

*ከአካባቢው ዓለት ጋር የማይመሳሰል የድንጋይ ክምር።* የድሮ መርከቦች ባዶ ሲሄዱ እንዳይገለበጡ ድንጋይ ይጭኑ ነበር። ወደብ ሲደርሱ ይጥሉታል። ከሩቅ አገር የመጣ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

*በዳርቻው አፈር ጠርዝ ላይ የዛጎል፣ የከሰልና የአጥንት ንብርብር።* የሰዎች የምግብ ትርፍራፊ ነው። አትቆፍሩ፣ አትጎትቱ። ንብርብሩ ከተነካ የዕድሜው ምስክርነት ይጠፋል።

እንዳትታለሉ አንድ ፈተና ተጠቀሙ። ተፈጥሮም ቀጥ ያለ መስመር ትሠራለች። በሰሜን አየርላንድ «ጃይንትስ ኮዝዌይ» የሚባለው ቦታ ላይ ያሉት ወደ 40,000 የሚጠጉ የባዛልት ምሰሶዎች ሰው የጠረባቸው ይመስላሉ፤ ላቫ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ነው። ስለዚህ መስመሩን በሁለቱም አቅጣጫ ተከተሉት። ስንጥቁ ከስር ባለው ወጥ ዓለት ውስጥ ከቀጠለ ተፈጥሮ ነው። ድንጋዮቹ አንዱ በሌላው ላይ ከተቀመጡና በክፍተታቸው ትንንሽ ድንጋይ ከተወሸቀ ግን የሰው ሥራ ነው።

ደረጃ 8፦ ሳትነኩ መዝግቡ

በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሃፒስበርግ ዳርቻ ላይ ሞገድ አሸዋውን ጠርጎ ከ800,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሰው ዱካ ተገለጠ። በሳምንታት ውስጥ ያው ሞገድ አጠፋው። ዛሬ የምናውቀው በዚያች አጭር ጊዜ በብዙ ፎቶ ስለተመዘገበ ነው። የእናንተም ግኝት ቀጣዩን ማዕበል ላያልፍ ይችላል፤ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አትበሉ።

1. መጀመሪያ ከሩቅ አንሱ፤ ከኋላው የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የገደል ጫፍ፣ ይግባ።
2. ቀጥሎ ከቅርብ፣ ሜትሩን አጠገቡ አድርጋችሁ። ሜትር የሌለው ፎቶ መጠኑን አይናገርም።
3. ከዚያ በዙሪያው እየተራመዳችሁ አንሱ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ከግማሽ በላይ ይደራረብ። በኋላ ባለሙያ ከዚህ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል ሊሠራ ይችላል።
4. የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ሰዓቱ ባህሩ ምን ያህል እንደሸሸ ይናገራል።
5. የደበዘዘ ቅርጽ ካለ ፀሐይ ዝቅ ስትል አንሱት። ጥላው ያጎላዋል። በጠመኔ አትቀቡ፣ በብሩሽ አትፈትጉ።

ድንጋይ ገልብጣችሁ ካያችሁ እንደነበረ መልሱት፤ ስሩ የሚኖሩት ፍጥረታት በፀሐይ ይሞታሉ። ከመርከብ ስባሪ ላይ ምስማር እንኳ አትውሰዱ። የ2001 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ስምምነት ቢያንስ 100 ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየን የሰው ልጅ አሻራ ይጠብቃል፤ በየጊዜው ብቻ በውሃ የሚሸፈነውንም ይጨምራል። የየአገሩ ሕግ ደግሞ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

ነገር ሲበላሽ

*መመለሻው ከተዘጋ።* በውሃው ውስጥ ለመሮጥ አትሞክሩ፤ እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ሞገድም ሰው ይጥላል። ገደልም አትውጡ። ከድንጋይ ሽበቱ መስመር በላይ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ የአገሩን የባህር ነፍስ አድን ጥሪ ደውሉ። ኔትወርክ ከሌለ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ አርፉ፣ ድገሙ። ቦታው ደህና ከሆነ ሽሽቱ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

*ሞገድ ሰው ከወሰደ።* ዘላችሁ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር፣ የተዘጋ ባዶ ጀሪካንም ቢሆን፣ ወርውሩለትና ለነፍስ አድን ደውሉ። የወደቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ መጀመሪያ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ። ቀዝቃዛ ውሃ ትንፋሽን ያሳጣል፤ ድንጋጤው በአንድ ሁለት ደቂቃ ይበርዳል። ከዚያ ሞገድ ከማይሰበርበት በኩል ውጡ።

*እሾህ ከወጋ።* የባህር ጃርት ወይም መርዘኛ ዓሣ ከሆነ ቁስሉን በሚቻል ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩ። ሙቀቱን ባልተጎዳው እጅ ፈትኑ። የሚታየውን እሾህ በወረንጦ አውጡ፤ የጠለቀውን ለሐኪም ተዉ። በሞቃታማ ባህሮች ሾጣጣ ቀንድ አውጣ በእጅ አታንሱ፤ የአንዳንዱ መርዝ ይገድላል።

*ፈንጂ የሚመስል ብረት ካያችሁ።* አትንኩ። በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለፖሊስ ደውሉ።

*ቢጫ የሚያብረቀርቅ ጠጠር ካገኛችሁ።* በባልቲክ ባህር ዳር ሰዎች አምበር የሚባለው ቢጫ የጌጥ ድንጋይ መስሏቸው ኪሳቸው የከተቱት ከጦርነት የቀረ ነጭ ፎስፈረስ ሆኖ ተቃጥለዋል። ሲደርቅ በሰውነት ሙቀት ይነዳል። ያላወቃችሁትን ኪሳችሁ አትክተቱ።

ደረጃ 9፦ ከወጣችሁ በኋላ

ይጠብቃችሁ ለነበረው ሰው ወዲያው ደውሉ። ከዚያ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆችና አዛውንት ፈልጉ። ፎቶውን አሳዩና «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «እዚህ ምን ትሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የዓለቶቹንም ስም አንድ በአንድ ጠይቁ። ዓሣ አጥማጅ ለዓለት ስም ሲያወጣ አደጋውን፣ የሚያዘውን ዓሣ ወይም የሞተበትን ሰው እያስታወሰ ሊሆን ይችላል። ስሞቹን እንደሚጠሯቸው ጻፉ፤ እናንተ አታርሟቸው። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ማስታወሻውንና ፎቶውን ለቅርብ ሙዚየም ወይም ለቅርስ መሥሪያ ቤት ላኩ። ትክክለኛ ነጥቡን ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ ቆፋሪ ቀድሞ ይደርሳል። መልስ ቢዘገይባችሁ ከቀጣዩ ማዕበል በኋላ፣ ሰንጠረዡን እንደገና አይታችሁ፣ ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ያንኑ ፎቶ ድገሙና ሁለቱን አያይዛችሁ ላኩ።